ከውስጥ የሚዘጋ በር

ሠላሳ አንድ ዓመት የእንጨት ሥራ ሳስተምር ጨጓራዬን የላጠው ማነው ብትሉኝ ሳላስብ እነግራችኋለሁ፦ ቀኖ ነው። ባለቤቴ ሻሽቱ ይህን ስል በሰማች ቁጥር ትስቃለች። «ስትበላም ቀኖ፣ ስትተኛም ቀኖ፣ ልጅህ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ልጄ ቢሆንማ ኖሮ አንዴ ተቆጥቼ እገላገል ነበር። እሱን ግን ተቆጥቼም አልተገላገልኩ።

ስሜ ሰይፈ ሚካኤል ይባላል። መቱ ተወልጄ መቱ ያረጀሁ የሙያ መምህር ነኝ። በ2004 ዓ.ም. አለቃዬ ጠርቶ «ጋሼ ሰይፈ፣ ማረሚያ ቤት ሄደው ታራሚዎችን የእንጨት ሥራ ያስተምሩልን፤ ለሁለት ወር ብቻ» አለኝ። ሁለቱ ወር ሰባት ዓመት ሆነ። የማረሚያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከመቱ በሚኒባስ የሚደረስበት ነው፣ ይበቃችኋል።

እዚያ ማስተማር ማለት፣ እግዚኦ! ጠዋት መሣሪያ ይቆጠራል፣ ከሰዓት መሣሪያ ይቆጠራል። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሁሉም ቁጥር አለው። አንድ መሮ እንጨት ሥር ተደብቆ ከጠፋ እሱ እስኪገኝ ድረስ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ይቆማል። የወርክሾፑ ጥበቃ ኃላፊ ሳጅን ደቅሲሳ ደግሞ አንድ ቀን እርሳሴን አንስቶ ጫፉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ሹል ነው» አለኝ። እርሳስ ነዋ! ካልሾለ መስመር በምን ይሰመራል? «ደንብ ነው» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በደነዘ እርሳስ፣ የአውራ ጣት በሚያህል መስመር ልክ ውሰዱ እያልኩ አስተማርኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው ለምን ይንጋደዳል ብለው የሚጠይቁኝም እነሱው ናቸው።

ቀኖ የመጣብኝ በ2008 ዓ.ም. ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጣውላ ሰጥቼው ቁረጥ አልኩት። አልቆረጠም። በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን ትሰማለህ? ሬዲዮ ነው?» አልኩት።

«ውስጡ ደህና መሆኑን ነው ባርሲሳ» አለኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ታራሚዎቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። ቀኖ የሁሩሙ ገጠር ልጅ ነው፤ ከመታሰሩ በፊት ሥራው ንብ ነበር። ግንድ ቦርቡሮ ቀፎ ይሠራል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅላል። ግንዱ ጤነኛ ይሁን አይሁን የሚለየው በማንኳኳት ነው። እሺ፣ ይሁን አልኩ። ነገር ግን እያንዳንዱን ጣውላ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ፣ የወንበር እግር ሳይቀር ሲያንኳኳ ስታይ ምን ታደርጋለህ? መላግ ሲጀምር ደግሞ ማቆም አያውቅም። የመጀመሪያውን በርጩማ መስከረም ጀምሮ ጥር ጨረሰ። «አንተ ሰው! በርጩማ ነው ያልኩህ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩለው?» እላለሁ። «ትንሽ ሻካራ ነው ባርሲሳ» ይላል። እጄን ጣል ሳደርግበት እንደ ሐር ነው። ደሜ ይፈላል።

የታሰረበትን ጉዳይ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ምንም ማስተማር ሲያቅተኝ ነገረኝ። በሁሩሙ የገበያ ቀን ጠጅ ጠጥተው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ዛፍ ተጣሉ፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ፣ የኔ ነው፣ የኔ ነው ተባባሉ። በዱላ መታው። ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ፤ እርቁ ግን አንድ ቃል አለው። ቀኖ ሲፈታ የሟች እናት ልታየው በምትችልበት ቦታ አይኖርም። ስለዚህ መንደሩ አይገባም፣ ጫካው አይገባም፣ ሁሩሙ ገበያ አይታይም። «ንብ ያለ ጫካ ምን አደርገዋለሁ?» አለኝ። ሳያለቅስ፣ እንደ ተራ ወሬ ነበር የነገረኝ።

በአመክሮ የሚፈታው በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነበር። የት ይግባ? አንጀቴ አልችል ቢል መቱ መናኸሪያ አጠገብ የእንጨት ወርክሾፕ ያለውን ሸምሰዲንን ሄጄ ለመንኩት። ሸምሰዲን ደግ ሰው ነው፣ ግን ነጋዴ ነው።

«ጋሼ ሰይፈ፣ እርስዎ ካሉ እጁን አምናለሁ» አለኝ። «ግን ደንበኛ ይመጣል፣ ‹ይሄ ማነው? ከየት መጣ?› ይላል። ምን ልበል? የብቃት ወረቀቱን ይያዝና ይምጣ። ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም።»

ወረቀቱ የሚገኘው በብቃት ምዘና ነው። መዛኞች ወደ እኛ የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ በሚያዝያ ነው። ቀኖ ያንን ከወደቀ በግንቦት ባዶ እጁን ይወጣል። ባዶ እጁን የወጣ ሰው ደግሞ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ያው ወደሚያውቀው ጫካ ነው። እዚያ የሟች እናት አለች፣ የሟች ወንድሞችም አሉ። ይህን እያሰብኩ ነው እንግዲህ «ፍጠን! ፍጠን!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምጮኸው። እሱ ጣውላ ያንኳኳል።

በየካቲት ትእዛዝ መጣልን። በቡሬ መንገድ ያለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለመምህራኑ መኖሪያ ሠርቶ አሥራ ሁለት በር ከነመቃኑ አዘዘ። ዋንዛውን አቀረቡ፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያውንም ገዝተው ላኩ። ጥሩ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ነው። ቀኖን አለቃ አደረግኩት። አቤት በር! እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ በር አላስተማርኩም። የማዕዘን መለኪያዬን፣ ስኳድራዬን፣ ይዤ አንድ በአንድ ዞርኩባቸው፤ ቀዳዳ የለ፣ መንጋደድ የለ። ሳጅን ደቅሲሳ እንኳ መጥቶ መቀርቀሪያውን ሳብ ገፋ አደረገና «ይሄ ጠንካራ ነው» አለ። በአሥራ ሁለቱም ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩና መኪና ላይ ተጫኑ።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ደወለ።

«ጋሼ ሰይፈ፣ መምህሮቼ ምን አጠፉ?»

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«መቀርቀሪያው በሙሉ በውጭ በኩል ነው! ሲመሽ ማን ይዝጋባቸው? ማን ይክፈትላቸው? ወይስ ዘበኛ ልቅጠር?» አለና ይስቃል።

አላመንኩም። በማግሥቱ ተሳፍሬ ሄድኩ። ወይ ጉድ! አሥራ ሁለት በር ተደርድሮ፣ አሥራ ሁለት መቀርቀሪያ ወደ መንገድ እያየ ፀሐይ ላይ ያበራል። አንዱ የሒሳብ መምህር በሩን ከውስጥ በገመድ ከአልጋው እግር ጋር አስሮታል። ልጆች ተሰብስበው ያዩኛል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካቻቪቴ ተውሼ ሁለት ቀን እዚያው ተቀመጥኩና አሥራ ሁለቱንም መቀርቀሪያ በእጄ ነቅዬ በውስጥ በኩል መለስኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ።

ማረሚያ ቤት ስመለስ ሰላምታም አላቀረብኩ። ሁሉንም ሰበሰብኳቸውና ኮፍያዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩ።

«መቀርቀሪያውን በውጭ የመታው ማነው?»

ቀኖ ተነሳ። «እኔ ነኝ ባርሲሳ።»

«መቀርቀሪያ በየት በኩል ነው የሚመታው?»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከዚያ የወርክሾፓችንን በር አመለከተኝ። «እንደዚያ ነው» አለ። በእርግጥም የወርክሾፓችን በር መቀርቀሪያ በውጭ ነው። የመኝታ ክፍላቸውም፣ የመጋዘኑም፣ የሁሉም በውጭ ነው።

«አንተ ሰው፣ ታዲያ የቤቱ ባለቤት ገብቶ በሩን በምን ይዝጋ?» ብዬ ጮህኩ።

ቀኖ አሰበ። በጣም አሰበ። «የሚዘጋለት ሰው የለም?» አለኝ።

«እናትህ ቤት በር የለም?» አልኩት። እናቱ ቤት በሩ በልጥ የታሰረ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ሲመሽ ያስደግፉታል፣ ሲነጋ ያነሱታል። «መቀርቀሪያ የሚባል ነገር ያየሁት እዚህ ነው» አለ። እሺ፣ እሱስ የገጠር ልጅ ነው። ኢርሻድስ? ኢርሻድ መቱ ውስጥ ሱቅ የነበረው፣ ስንት ዓመት ሱቁን ሲቆልፍ የኖረ ሰው ነው። መቀርቀሪያውን ደግፎ የያዘለት እሱ ነው። «አንተስ አላየህም?» ስለው አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ልክ መስሎኝ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም።

ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የኔ ፊርማ ትዝ አለኝ። አሥራ ሁለቱንም በር ያየሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ ቤቴ ገብቼ በሬን ከውስጥ የምቀረቅር፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ ሽበት ያለኝ ሰው፣ ስኳድራ ይዤ ዞሬ «ልክ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ሰባት ዓመት እዚያ ግቢ ስመላለስ ለኔም ልክ መስሎኛል። አፈርኩ። ኮፍያዬን አነሳሁና «ከነገ ጀምሮ መቀርቀሪያ እንማራለን» ብዬ ወጣሁ።

ሚያዝያ ደረሰ። መዛኟ ወይዘሪት ሐምዲያ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቀልድ የማታውቅ፣ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ የምትዞር። ፈተናው በር ነበር። በር ከነመቃኑ ሠርቶ፣ እውነተኛ ግድግዳ ላይ ገጥሞ፣ ማጠፊያና መቀርቀሪያ መትቶ ማሳየት ነው። የመሣሪያ መጋዘናችን በር በስብሶ ስለነበር «እሱኑ ይቀይር» ተባለ። ሁለት ቀን ተሰጠው። ቀኖ እንደ ልማዱ አንኳኳ፣ ላገ፣ እኔ ደግሞ በሩቅ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ። መናገር አይፈቀድልኝማ! በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ቆመ። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል፣ በቦታው ነው። ተመስገን አልኩ።

ለካ ገና ነው። ሐምዲያ ወረቀቷን ገልጣ የመጨረሻውን መስመር አነበበች፦ «ተመዛኙ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ጥንካሬውን ያሳያል።»

«አይሆንም» አለ ሳጅን ደቅሲሳ። «ታራሚ ከውስጥ አይቆልፍም። ደንባችን አይፈቅድም።»

«ካልቀረቀረ ‹ገና ብቁ አይደለም› ብዬ እጽፋለሁ» አለች ሐምዲያ። «የኔም ደንብ ነው።»

ኤዲያ! በሁለት ደንብ መካከል ገብቼ ላብደው ነው። «እኔ ልግባና ልቀርቅረው» አልኩ። «ተመዛኙ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ሳጅኑን «እባክህ አለቃህን ጠይቅ» አልኩት። ደወለ፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። መቼ ስብሰባ ላይ ያልሆነ አለቃ አይቼ አውቃለሁ! «ይህ ሰው እኮ በሚቀጥለው ወር ይፈታል፤ ይህችን ወረቀት ካላገኘ የሚገባበት የለውም፣ ታውቃለህ አይደል?» ብዬ ለመንኩት። ሳጅኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች አሉት፣ እንጀራውን ይፈራል። ብዙ ካንገራገረ በኋላ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ። መጀመሪያ ግን መጋዘን ውስጥ ያለው መሣሪያ በሙሉ ወጥቶ ይቆጠር» አለ። ወጣ፣ ተቆጠረ። አንድ ሰዓት ፈጀ።

ቀኖ ገባ። በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ሐምዲያ በእጇ ገፋች፣ ከዚያ በትከሻዋ ገፋች፤ ንቅንቅ የለም። «ጥሩ፣ በቃ ክፈት» አለች።

ዝም።

«ቀኖ! ክፈት!» አለ ሳጅኑ።

ዝም።

«በሕግ አምላክ ክፈት!»

የሳጅኑ ፊት ዓመድ መሰለ። እኔም መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዛሬ ጉድ አደረገኝ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሁሉንም ገደል ሊከተው ነው ብዬ በሩን በጡጫዬ ደበደብኩት። «አንተ! ሦስት ዓመት የለፋሁብህን አፈር ልታበላው ነው? ክፈት እንጂ!»

ከውስጥ በኩል በቀስታ፣ በሩ አጠገብ፣ «ባርሲሳ፣ ማሎ። ትንሽ ቆዩኝ» አለ። ማሎ እባክዎ ማለት ነው።

የሸሸ ሰው ድምፅ አልነበረም። ያበደም ሰው ድምፅ አልነበረም። ተማሪዬ መላጊያ ይዞ «ትንሽ ሻካራ ነው» ሲለኝ የማውቀው ያው ድምፅ ነው። እጄ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሳጅኑ ሁለት ፖሊሶች ጠርቶ «ስበሩት» አለ። በሩ ከተሰበረ ምዘናውም ተሰበረ፣ ሸምሰዲንም ቀረ፣ መቱም ቀረ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ዞርኩና ጀርባዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ጋሼ ሰይፈ፣ ይነሱ!»

«አልነሳም! ምዘናው አላለቀም! በሩን ከሰበራችሁት ምን ሊመዘን ነው?»

«ይጠየቁበታል!»

«ልጠየቅ!» አልኩ። ሐምዲያን አየኋት፤ በዓይኔ ለመንኳት ማለት ይሻላል። ሰዓቷን አየች፣ ወረቀቷን አየች፣ በሩን አየች። «ለተመዛኙ ከተሰጠው ጊዜ ገና አሥር ደቂቃ ይቀራል» አለች። ፖሊሶቹ ሳጅኑን አዩት፣ ሳጅኑ ወደ ግቢው በር ተመለከተ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከጀርባዬ በኩል ምንም አይሰማም። ማልቀስ የለ፣ መራመድ የለ። አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆምን። እኔ አንድ ደቂቃ መታገሥ የማልችል ሰው ነኝ።

ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበና በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተ፤ ወደ ኋላ ልወድቅ ስል ቀኖ በሁለት እጁ ደገፈኝ። ፖሊሶቹ ገብተው ፈተሹት፣ መጋዘኑን ፈተሹ። ባዶ ነው።

«ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው ሐምዲያ።

«ተቀምጬ ነበር።»

«ተቀምጠህስ?»

«ምንም» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሳያየኝ ተቀምጬ አላውቅም።»

ሐምዲያ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች። ስትጽፍ ቆየችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። «ብቁ» ይላል። ለቀኖ ሳሳየው ጣቱን ቃሉ ላይ አሳረፈ።

ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጻፍ ሳጅኑ ነገረኝ፤ ይጻፍ። ከዚያ አዲሱን በር ከላይ እስከ ታች አየና «ይህ መቀርቀሪያ እዚህ መቆየት አይችልም። አሁኑኑ ተነቅሎ በውጭ በኩል ይመታ። የሠራው ራሱ ያድርገው» አለ።

«ምን? ዛሬ እንኳ?» ብዬ ጮህኩ። «ቀኖ፣ ተወው! እንዳትነካው! አንተ አሁን ወረቀት ያለህ ባለሙያ ነህ!»

ቀኖ ግን ካቻቪቴውን አንስቶ ተንበርክኮ ነበር። አንዱን ብሎን ፈታ፣ ሁለተኛውን ፈታ፣ መቀርቀሪያውን ነቅሎ ወደ ውጭ በኩል ዞረ። እርሳስ አላስፈለገውም፤ በዓይኑ ለክቶ አስቀመጠው።

«ግድ የለም ባርሲሳ» አለኝ ቀና ሳይል። «በውስጥ በኩል እንዴት እንደሚሆን አሁን አውቄዋለሁ።»

ሳጅኑን ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። እንባዬ ቀደመኝ፣ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት። ቀኖ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀና ካቻቪቴውን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።